ነጂውና ሞተሩ፥ ድሉ የማን ነው?

አባቶቻችን «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ሲሉ የተናገሩት ምሳሌ በጦር ሜዳ የተፈተነ ቃል ነው። ፈረሱ የቱንም ያህል መልካም ቢሆን፥ ጦሩን የሚወረውረውና በጋሻው የሚመክተው የሰው ክንድ ነው። ይሁን እንጂ ለዚህ ምሳሌ አንድ ጥያቄ ሊቀርብለት ይችላል፤ ይኸውም ፈረሱ ካላደረሰውስ ጀግናው ከማን ጋር ይዋጋል? የሚል ነው። ይህን ጥያቄ ዛሬ የምንመረምረው በፈረስ ሳይሆን በሞተር ብስክሌት፥ ይልቁንም ከተጠረገ መንገድ ውጭ በጭቃና በአሸዋ፥ በዳገትና በቁልቁለት ላይ በሚደረገው «ሞቶክሮስ» በተባለው እሽቅድምድም ታሪክ ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናሳስባለን።

ይህ ጨዋታ የተወለደው በእንግሊዝ አገር ነው። በ1924 ዓ.ም. ማርች 29 ቀን፥ በሱሬ አውራጃ ካምበርሊ በተባለ ሥፍራ፥ ነጂዎች በዱርና በኰረብታ መካከል በሞተር ብስክሌት ተሽቀዳደሙ። ከዚያ በፊት በእንዲህ ያለ ሜዳ ይደረግ የነበረው ውድድር የነጂውን ጥንቃቄ ዳኞች በነጥብ የሚለኩበት ሲሆን፥ የካምበርሊው ግን ቀድሞ የደረሰ ያሸንፋል በሚል ሕግ ተካሄደ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ጨዋታው ወደ ሌሎቹ የአውሮጳ አገሮች ተስፋፋና በ1947 በሆላንድ አገር የመጀመሪያው የአገሮች ቡድን ውድድር ተደረገ። በ1952 የአውሮጳ ሻምፒዮና ተቋቋመ፤ እርሱም በ1957 የዓለም ሻምፒዮና ለመባል በቃ። የመጀመሪያው የ500 ሲሲ የዓለም ሻምፒዮን የስዊድኑ ተወላጅ ቢል ኒልሰን ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። በተነጠፈ መንገድ ላይ ኃይለኛው ሞተር ኃይሉን ለጎማው፥ ጎማውም ለመንገዱ ያስረክባል። በጭቃ ላይ ግን መሬቱ ሊቀበል የሚችለው ኃይል ጥቂት ስለሆነ፥ ትርፉ ኃይል ጎማውን በከንቱ ያሽከረክረዋል እንጂ ወደ ፊት አይገፋውም። ስለዚህ ነዳጅ መስጫውን ምን ያህል መጠምዘዝ እንደሚገባ የሚያውቅ እጅ፥ ኃይል ከሚጨምር ፋብሪካ ይልቅ የሚጠቅምበት ጊዜ ብዙ ነው። ከዚህም በላይ ሜዳው ራሱ አይረጋም፤ በመጀመሪያው ዙር ለስላሳ የነበረው መታጠፊያ፥ ነጂዎች ሲመላለሱበት ቈይቶ ጥልቅ ቦይ ይሆናል። ነጂውም በእግር መርገጫው ላይ ቆሞ፥ ጉልበቱንና ክርኑን እንደ ሞላ እያጠፈና እየዘረጋ፥ መሬቱ የሚልከውን ምት በገዛ አካሉ ይቀበላል። እንግዲህ በዚህ ጨዋታ የሰው አካል ራሱ የመኪናው አንድ ክፍል ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ለዚህ ምስክር የሚሆነን እንግሊዛዊው ጄፍ ስሚዝ ነው። ስሚዝ ይነዳለት የነበረው ቢ.ኤስ.ኤ. የተባለው የበርሚንግሃም ፋብሪካ ሲሆን፥ ይህም ፋብሪካ በመጀመሪያ በጠመንጃ ሥራ የተቋቋመ ነበር። በዚያ ዘመን በታላቁ ክፍል የሚወዳደሩ ነጂዎች እስከ 500 ሲሲ ድረስ የሚደርስ ትልቅና ከባድ ሞተር መያዝ ልማዳቸው ነበር። ስሚዝና የፋብሪካው ባለሙያዎች ግን ሌላ መንገድ መረጡ። በ250 ሲሲ ከተሠራ ትንሽ ሞተር ተነሥተው እያሳደጉት 420 ሲሲ አደረሱት፤ ከኃይል ይልቅ ቅለትን ፈለጉ። ስሚዝም በበኩሉ ሰውነቱን በልምምድ አጠነከረ። በ1964፥ ባለፉት ሁለት ዓመታት ሻምፒዮን ከነበረው ከስዊድኑ ሮልፍ ቲብሊን ጋር እስከ መጨረሻው ውድድር ድረስ ተናንቆ፥ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። በ1965ም ደገመው። በዚህ ጊዜ ነጂውና ሞተሩ ተስማምተው ነበር፤ ሞተሩ ነጂው የጠየቀውን ያደርግ ነበርና።

ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር ግን ትምህርት የሚሰጥ ነው። ቅለት ድልን ካመጣ፥ የበለጠ ቅለት የበለጠ ድልን ያመጣል ብሎ ፋብሪካው ለ1966 ብዙ ገንዘብ አፍስሶ ሻንሲውን፥ ማለት ሞተሩና መንኰራኵሮቹ የሚያያዙበትን አጽም፥ ከቲታንየም አሠራው። ቲታንየም ክብደቱ ከብረት በግማሽ ያህል የሚቀንስ፥ ብርታቱ ግን የተመሰከረለትና ለአይሮፕላን ሥራ የሚፈለግ ማዕድን ነው። በወረቀት ላይ ሲታይ ከዚህ የተሻለ ዕቃ አልነበረም። ነገር ግን ቲታንየም ከብረት ይልቅ ይለመጣል፤ ደግሞም በጣም ሲግል ከአየር ውስጥ ኦክስጅንና ናይትሮጅን ስለሚመጥ ተሰባሪ ይሆናል። በዚህ ምክንያት አርጎን በተባለው ጋዝ ካልተከለለ በቀር በደኅና አይበየድም። የብረት ሻንሲ ቢሰነጠቅ በየትም የገጠር ጋራዥ በያጅ አይታጣለትም። የቲታንየሙ ሻንሲ በተሰነጠቀ ጊዜ ግን በውድድሩ ሜዳ አጠገብ ሊጠግነው የሚችል ሰው አልተገኘም።

በዚያ ዓመት የዓለም ሻምፒዮን የሆነው የምሥራቅ ጀርመኑ ፓውል ፍሪድሪክስ ነው። የያዘው ሞተር በቼኮስሎቫኪያ የተሠራ 360 ሲሲ ሲ.ዜድ. ሲሆን፥ በሁለት ምት የሚሠራ ነበር። በሁለት ምት የሚሠራ ሞተር በየዙሩ አንድ ጊዜ ስለሚያቃጥልና በአናቱ ላይ ቫልቮች ስለሌሉት፥ ቀላልም ጠንካራም ሊሆን ይችላል፤ ለዚህም ውድ ማዕድን አያስፈልገውም። ፍሪድሪክስ በ1967ና በ1968ም አሸነፈ። ስሚዝ ዳግመኛ የዓለም ሻምፒዮን አልሆነም፤ ከእርሱም በኋላ እስከ 1979 ድረስ በዚህ ክፍል የዓለም ሻምፒዮን የሆነ እንግሊዛዊ አልተገኘም። የስሚዝ እጅ በአንድ ክረምት ጥበቡን ረሳን? አልረሳም። ገንዘብ የበዛበት ዕቃ ነጂውን ሳያደርሰው ቀረ እንጂ።

እንግዲህ ዕቃው ሁሉን ይወስናል ልንል ነውን? ከዚህ ፍርድ በፊት የቤልጅጉን ዦኤል ሮቤርን እንመልከት። ሮቤር በ1964 ገና በ20 ዓመቱ በሲ.ዜድ. ሞተር የ250 ሲሲ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ፤ በ1968ና በ1969 ደገመው። ከዚያም ወደ ጃፓኑ ሱዙኪ ተሻገረና በ1970፥ በ1971፥ በ1972 አሸነፈ። ሦስት ጊዜ በቼኮች ሞተር፥ ሦስት ጊዜ በጃፓኖች ሞተር ማሸነፉ ጥበቡ ከነጂው ጋር አብሮ እንደሚሻገር ያስረዳል። ነገር ግን ይህንም ስንል አንድ ነገር እንዳንረሳ ያስፈልጋል። ሱዙኪ ድልን ያገኘው ሮቤርን በመቅጠር ብቻ አይደለም። ከእርሱ በፊት ስዊድናዊውን ነጂ ኦሌ ፔተርሶንን ቀጥሮ፥ የሞተሩን ጉድለት በነጂ ሰውነት እያስፈተነ አሳረመው። መልካም ዕቃ የሚሠራው፥ ዕቃው የት እንደሚያም የሚያውቅ ሰው ሲነገረውና ሠሪው ሲሰማው ነው።

ደግሞም ዕቃ ራሱ ጥበቡን የሚለውጥበት ጊዜ አለ። ሉስዮን ቲልከንስ የተባለ የቤልጅግ መሐንዲስ፥ በኋላ መንኰራኵር ግራና ቀኝ በሚቆሙት ሁለት ሞላዎች ፈንታ አንድ ረዘም ያለ ሞላ ከመቀመጫው በታች አጋድሞ ሠራ። የጃፓኑ ያማሃ ይህን አሳብ ገዝቶ በ1973 ወደ ሜዳ አወጣውና ስዊድናዊው ሆካን አንደርሶን በዚያው ዓመት የ250 ሲሲ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። እስከዚያ ድረስ የኋላው መንኰራኵር ወደ ላይና ወደ ታች የሚጓዘው 10 ሳንቲሜትር ያህል ሲሆን፥ በዚያው በ70ዎቹ ዓመታት መጨረሻ ወደ 30 ሳንቲሜትር ደረሰ። ነጂዎች ቀድሞ ፍሬን ይዘው የሚያልፉትን ጉድጓድ አሁን እየዘለሉት ሄዱ። ይሁን እንጂ ተወዳዳሪ ፋብሪካዎች ሁሉ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ረዥም ሞላ ሠሩ፤ ብልጫውም ጠፋ። የፊንላንዱ ሄይኪ ሚኮላ በ1974 በሁስክቫርና፥ በ1977ና በ1978 ደግሞ በያማሃ የ500 ሲሲ ሻምፒዮን መሆኑ፥ ዕቃው ሲስተካከል ፍርዱ ተመልሶ ወደ ሰው እንደሚመጣ ያሳያል። የዕቃ ብልጫ የተበደሩት ገንዘብ ነው፤ ጎረቤት ሁሉ የሚያገኘው ቀን ይመጣል። የእጅ ጥበብ ግን የራስ ሀብት ነው።

አሜሪካኖችም ይህን አይተው በ1986 በአገራቸው ሻምፒዮና ፋብሪካዎች በምሥጢር የሚሠሯቸውን ሞተሮች ከለከሉ፤ ተወዳዳሪው ሞተር ለሕዝብ ከሚሸጠው የተነሣ እንዲሆን ደነገጉ። በዚያው ዓመት በኢጣልያ አገር ማጆራ በተባለ ሥፍራ በተደረገው የአገሮች ቡድን ውድድር፥ ጆኒ ኦማራ የተባለው አሜሪካዊ በ125 ሲሲ ሞተር ሆኖ 500 ሲሲ የያዙትን ታላላቅ ነጂዎች ሲያልፍ ተመልካቹ በዓይኑ አየ።

ውድ አንባብያን፥ ከዚህ ታሪክ ሁለት ሰዎች ትምህርት ሊያገኙ ይገባል። አንደኛው «ዕቃዬ አሮጌ ነው» እያለ ልምምዱን የሚያቋርጥ ወጣት ነው፤ አዲሱ ዕቃ በመጣለት ቀን እጁ ባዶ ሆኖ እንዳይገኝ ይጠንቀቅ። ሁለተኛው ብልህ ሠራተኛ ቀጥሮ፥ የተሰነጠቀ መሣሪያ ሰጥቶ፥ ሥራው በተበላሸ ጊዜ ሠራተኛውን የሚወቅስ አለቃ ነው። ፈረስ በእርግጥ አይዋጋም፤ ነገር ግን ጀግናውን ከመንገድ ያስቀረውን ፈረስ የመረጠ ሰው፥ ስለ ሽንፈቱ ሲጠየቅ ጣቱን ወደ ጀግናው ሊቀስር አይገባውም።