ዝሆንና በዓል፤ ከንጉሥ አደባባይ እስከ ቀን ኪራይ

በደቡብ ምዕራብ ሕንድ በምትገኘው በኬረላ ክፍለ ሀገር፣ ክረምቱ ሊገባ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩትና ምድሩ እንደ ምጣድ ሲግል፣ በትሪሹር ከተማ አንድ ታላቅ በዓል ይከበራል። ስሙ ፑራም ነው። በከተማዪቱ እምብርት በቆመው የቫዳኩናታን ቤተ መቅደስ ፊት የሁለት ቤተ መቅደሶች ሰልፎች፣ የፓራሜካቩና የቲሩቫምባዲ፣ ተፋጠው ይቆማሉ፤ በእያንዳንዱ ወገን 15 ዝሆኖች ይሰለፋሉ። በዝሆኖቹ ግንባር ላይ ወርቅ የተቀቡ ጉብጉቦች የተደረደሩበት ሽፋን ተንጠልጥሎ ፀሐይ ሲያርፍበት ዓይን ያጥበረብራል። በጀርባቸው ላይ የቆሙት ሰዎች ባለ ኅብረ ቀለም ድባቦች ይዘረጋሉ፤ የጣዎስ ላባ ማራገቢያውና ነጩ ጭራ ከከበሮው ምት ጋር ይነሣል፣ ይወርዳል። አመሻሹ ላይ ሁለቱ ወገኖች ድባብ በመለዋወጥ ይፎካከራሉ። ሌሊቱ ሊነጋጋ ሲል ደግሞ ርችቱ ምድርን ያናውጣል።

ይህን ትርኢት ያየ ሁሉ በውበቱ ቢማረክ አያስደንቅም። በተለይ ከበሮና መለከት የያዙት ባለሙያዎች ለሰዓታት ሳያቋርጡ የሚያሰሙት ኅብረ ዜማ በዓለም ካሉት ታላላቅ የአደባባይ ጥበባት አንዱ ተብሎ ሊቆጠር ይገባዋል። ይሁን እንጂ ዓይኑን ከግንባሩ ጌጥ ወደ እግሩ ዝቅ ያደረገ ተመልካች ሌላ ነገር ያያል። የዝሆኑ እግሮች በሰንሰለት ተቆራኝተዋል፤ ከሰንሰለቱ በታች ያለው ቆዳ ብዙ ጊዜ ቁስል ነው። ከጎኑ የቆመው ጠባቂ በአንድ እጁ ጫፉ ሜንጦ የሆነ ዘንግ ይዟል። ወርቁ ለሕዝብ ይታያል፤ እግረ ሙቁ ግን ለዝሆኑ ብቻ ይሰማዋል።

በዓሉ ከጥንት ከጠዋቱ የነበረ ይመስላል፤ ነገር ግን አይደለም። የትሪሹር ፑራም የተመሠረተው ከ1790 እስከ 1805 (ዘመናቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የኮቺንን መንግሥት በገዛው በሻክታን ታምፑራን ዘመን ነው። እንደሚተረከው፣ የትሪሹር ቤተ መቅደሶች ሰልፎች በዝናብ ምክንያት ዘግይተው ስለ ደረሱ በአራቱፑዛ በሚከበረው ቀዳማዊ በዓል እንዳይካፈሉ ተከለከሉ። አቤቱታቸውን የሰማው ንጉሥም በገዛ ከተማው በዓል አቆመላቸው። ይህ ንጉሥ የመሳፍንቱንና የካህናቱን ሥልጣን ቀንሶ ኃይሉን በእጁ በማጠቃለል የታወቀ ነበር። በአንድ አደባባይ፣ በአንድ ቀን፣ በንጉሡ ፈቃድ የሚሰለፉ ዝሆኖች የማን ግርማ እንደ ነበሩ ለመገመት አያዳግትም።

ዝሆንን ለግርማ ማቆም የአንድ አገር ነገሥታት ልማድ ብቻ አልነበረም። በ6ኛው ምዕተ ዓመት ወደ አዱሊስ የመጣው የእስክንድርያው ነጋዴ ኮስማስ በመጽሐፉ ሁለት ነገር አስፍሯል። ኢትዮጵያውያን ዝሆን የመግራት ጥበብ የላቸውም፤ ንጉሡ አንድ ወይም ሁለት ለትዕይንት ሲፈልግ ግን በግልገልነታቸው ተይዘው ያድጋሉ ይላል። የስሪ ላንካን ንጉሥ በሚመለከት የጻፈው ደግሞ ይበልጥ ያስገርማል፤ ዝሆን የሚገዛው ቁመቱ ከምድር ጀምሮ በክንድ እየተለካ፣ ዋጋውም በክንዱ ልክ ነበር። ከ1,400 ዓመታት በኋላም በኬረላ የአንድ የበዓል ዝሆን የቀን ኪራይ ከሁሉ አስቀድሞ የሚወሰነው በቁመቱ ነው። እንዲያውም ራሱን ከሌሎቹ ከፍ አድርጎ የሚቆመው ዝሆን የሚሸለምበት ውድድር አለ፤ ራሱን ከፍ እንዲያደርግም ከአገጩ በታች ይወጋል።

የጉሩቫዩር ቤተ መቅደስ ዝሆን የነበረው የኬሳቫን ታሪክ ነገሩን ከሥሩ ያሳያል። በ1921 በማላባር፣ በአብዛኛው ሙስሊሞች የነበሩት ማፒላ ጢሰኞች በእንግሊዝ ቅኝ ገዥዎችና በባለርስቶች ላይ ተነሡ። የኒላምቡር መስፍን ቤተሰብም ከተጠቁት አንዱ ነበር። መስፍኑ ከዚህ መዓት ከዳነ ለጉሩቫዩር አምላክ ዝሆን ሊሰጥ ተሳለ ይባላል፤ በ1922 ስለቱን አገባ። ጢሰኛው ለተነሣበት መሬት የተከፈለው ካሣ ለጢሰኛው አልነበረም፤ ለቤተ መቅደሱ የተሰጠ ዝሆን ነበር። ኬሳቫን ከ50 ዓመታት በላይ የአምላኩን ምስል ተሸከመ። በ1973 «የዝሆኖች ንጉሥ» የሚል ማዕርግ ተሰጠው። በታኅሣሥ 2 ቀን 1976፣ በቤተ መቅደሱ ዓመታዊ በዓል ዕለት ሞተ። በማግሥቱ ዓመት የሕይወቱ ታሪክ በፊልም ተሠራ፤ ጥርሶቹ ዛሬም በቤተ መቅደሱ ይታያሉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳይነሣ መታለፍ የለበትም። ኬሳቫን በደጁ ሲገባና ሲወጣ፣ «ርኩስ» ተብለው ከሰው በታች የተቆጠሩት የበታች ጎሣዎች ተወላጆች ግን ያንን ደጅ መርገጥ አይችሉም ነበር። በ1931 በዚሁ በር ላይ ይህን ክልከላ የሚቃወም ሰላማዊ ትግል ተካሂዶ ሰዎች ተደብድበዋል። ደጁ ለሁሉም የተከፈተው በ1947 ነው። ዝሆኑን ያከበረው ሥርዓት ሰውን ያዋረደው ሥርዓት ራሱ ነበረ። ክብሩም ቢሆን የሰንሰለት ክብር ነበር።

በዚያ ዘመን ዝሆን የባለርስት ምልክት ነበር። ደራሲው ቫይኮም መሐመድ ባሺር በ1951 ባሳተመው «አያቴ ዝሆን ነበረው» በሚል ልብ ወለዱ፣ ሀብቷን ያጣች እናት በአባቷ ዝሆን ስትመካ ያሳየናል። በጥር 1 ቀን 1970 የጢሰኝነት ሥርዓት በሕግ ሲሻር የብዙ ባለርስቶች ገቢ ነጠፈ፤ በቀን ከመቶ ኪሎ በላይ መኖ የሚፈጅ እንስሳ መቀለብ አልቻሉም። መሬቱ ለአራሹ ሲሰጥ ዝሆኑ ነጻ አልወጣም። የሄደው ወደ ቤተ መቅደስ አስተዳደሮችና ወደ ነጋዴዎች እጅ ነበር። በዘመነ መሳፍንት ለአንድ ጌታ ግርማ የነበረው ፍጡር፣ በዘመነ ገንዘብ በቀን የሚከራይ ዕቃ ሆነ። ከታኅሣሥ እስከ ግንቦት ባለው የበዓል ወራት አንድ ዝሆን ከአንዱ ከተማ ወደ ሌላው በጭነት መኪና እየተጓዘ፣ ሌሊት ቆሞ አድሮ ቀን ይሰለፋል።

ሕጉም መንገዱን አልዘጋውም። የሕንድ መንግሥት በ1972 የዱር እንስሳት ጥበቃ ሕግ አወጣ፤ በ1977 ዝሆን በሕጉ የመጀመሪያ ሠንጠረዥ ገባ። በንግድ መሸጥ ቢከለከልም ከቢሃርና ከአሳም የመጡ ዝሆኖች «በስጦታ» ስም ወደ ኬረላ መጉረፋቸውን ቀጠሉ። በ2018 በተደረገው ቆጠራ በኬረላ 521 ምርኮኛ ዝሆኖች ተመዝግበዋል። በ2022 የተሻሻለው ሕግ ደግሞ ዝሆንን «ለሃይማኖታዊ ወይም ለሌላ ዓላማ» ማዛወርን ፈቀደ። «ለሌላ ዓላማ» የሚለው ሐረግ የማይሸፍነው ምን እንዳለ ሕግ አውጭዎቹ ቢያስረዱ ደግ ነበር።

አካሉ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ አይደለም። ዝሆን ከጥፍሩ ዙሪያ በቀር ብዙም አያልበውም፤ ሙቀቱን የሚያበርደው በጆሮው፣ በውኃና በጭቃ ነው። ጥቁር ቆዳውን ለቀትር ፀሐይ አጋልጦ በጋለ አስፋልት ላይ ሲያቆሙት መድኃኒቱን ሁሉ ነፍገውታል። የውስጥ እግሩ እንደ ትራስ ለስላሳ በመሆኑ በአስፋልትና በሲሚንቶ ላይ ይላጣል፣ ይመግላል። ከ1980ዎቹ ጀምሮ የተደረጉ ጥናቶች እንዳረጋገጡት፣ ዝሆኖች የሰው ጆሮ በማይሰማው ዝቅተኛ ድምፅ ይነጋገራሉ፤ የምድርንም ንዝረት በእግራቸው ይሰማሉ። ከመቶ በላይ ከበሮና ርችት በአንድነት ሲፈነዳ በዚህ ፍጡር አካል ውስጥ የሚሆነውን ለማሰብ የእንስሳት ሐኪም መሆን አያስፈልግም።

ከሁሉ የከፋው ግን የደሙ ፍላት ወቅት ነው። ጎልማሳ ወንድ ዝሆን በየዓመቱ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት፣ በዓይኑና በጆሮው መካከል ካለው ዕጢ ቅባታማ ፈሳሽ ይወርደዋል፤ ባሕርዩም ይለወጣል፣ አይታዘዝም። በዱር ይህ የመራቢያው ጉልበት ነው። በምርኮ ግን እግሮቹ ታስረው በአንድ ቦታ የሚቆምበት ጊዜ ነው። ወቅቱ ሲያልፍም «ተመልሶ እንዲገዛ» ተብሎ፣ ታስሮ እንዳለ፣ ብዙ ሰዎች ተባብረው በዱላ ይደበድቡታል፤ ትእዛዝ እስኪቀበል ድረስ። ጠባቂው በተለወጠ ቁጥር ይኸው ይደገማል። ጠባቂዎቹም፣ በአገሩ ቋንቋ ፓፓን የሚባሉት፣ የዚህ ሥርዓት ጌቶች አይደሉም። ቀድሞ ሙያው ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ ጠባቂና ዝሆን አብረው ያረጁ ነበር። ዛሬ አብዛኛው ፓፓን በአነስተኛ ደመወዝ ከዝሆን ወደ ዝሆን የሚዘዋወር ሠራተኛ ነው፤ ዝሆኑ በተቆጣ ጊዜም ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ሟች እርሱ ነው።

የኬረላ ጥበብ ይህን ቀድሞ አይቶታል። መምህርና ባለቅኔ የነበረው ቫይሎፒሊ ስሪድሃራ ሜኖን (1911–1985) በ1940ዎቹ በጻፈው «የሳህያ ልጅ» በተሰኘው ግጥሙ፣ በደም ፍላቱ ወቅት ለበዓል የተሰለፈን ዝሆን ልቡና ገልጧል። ሳህያ በኬረላ ምሥራቅ የቆመው የተራራ ሰንሰለት ስም ነው። ዝሆኑ በችቦና በሕዝብ መካከል ቆሞ ሳለ፣ የተወለደበትን ጫካ ያያል፤ ሰልፉም ዱሩ ይሆንበታል። በዚያ ሕልም እየተመራ ይራመዳል፣ ያጠፋል፣ በጥይትም ይወድቃል። የግጥሙ ኃይል ዝሆኑን እብድ ብሎ ለመጥራት እምቢ ማለቱ ላይ ነው። በጉዳዩ ላይ ከተጻፉት የሐኪሞች ዘገባዎች ሁሉ ይልቅ ይህ ግጥም በኬረላ ትምህርት ቤቶች ብዙ ልብ አርሷል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በባሕሩ ማዶ በስሪ ላንካም ይኸው ነው። በ2019 በካንዲ ከተማ ለሚከበረው የኤሳላ በዓል ቲኪሪ የምትባል የ70 ዓመት ሴት ዝሆን እንድትሰለፍ ተደረገ። በጌጥ ልብሷ ሥር የጎድን አጥንቶቿ የሚቆጠሩበት ፎቶግራፍ በዓለም ተሠራጨ፤ በዚያው ዓመት በመስከረም ሞተች። ልብሱ እስከ ቁርጭምጭሚቷ የሚደርስ ነበር፤ በሰልፉ ወቅት ሰው ክሳቷን ማየት አይችልም ነበር።

በኅዳር 2024 የኬረላ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በዝሆንና በዝሆን መካከል 3 ሜትር፣ በዝሆንና በሕዝቡ መካከል 8 ሜትር፣ ከርችት ደግሞ 100 ሜትር ርቀት እንዲጠበቅ፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ማታው 11 ሰዓትም በአደባባይ መንገድ እንዳይሰለፉ አዘዘ። ዳኞቹ 15 ዝሆን አሰልፎ ማቆም የሃይማኖቱ መሠረታዊ ሥርዓት ነው የሚለውን ክርክርም አልተቀበሉም። የትሪሹር ሁለቱ ቤተ መቅደሶች አስተዳደሮች ይግባኝ አሉ፤ በታኅሣሥ 19 ቀን የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ትእዛዙን አገደ። ሁለት ወር ሳይሞላ፣ በየካቲት 2025፣ በኮይላንዲ አቅራቢያ በአንድ ቤተ መቅደስ በዓል ላይ ርችት ሲተኮስ ሁለት ዝሆኖች በርግገው ሦስት ሰዎች ሞቱ።

በትሪሹር አውራጃ በምትገኝ አንዲት ቤተ መቅደስ ግን ከየካቲት 2023 ጀምሮ ሌላ ዝሆን ይሰለፋል። ቁመቱ 3.3 ሜትር፣ ክብደቱ 800 ኪሎ ነው፤ አጥንቱ ብረት፣ ቆዳው ላስቲክ ነው። ራሱን፣ ጆሮውንና ጅራቱን የሚያንቀሳቅሰው በኤሌክትሪክ ኃይል ሲሆን፣ አራት ሰዎች በጀርባው ይቀመጣሉ። ወርቃማው ሽፋን በግንባሩ ላይ ነው፤ ድባቡም ከላዩ ተዘርግቷል። ከበሮ መቺዎቹ በፊቱ ቆመው እንደ ወትሮው ይመታሉ።