ባትሪው መሙላቱን ማን ይወቅ? የባትሪ መሙያ ታሪክና በእጅ የሚሠራው ቻርጀር



ለዛሬው ንግግር የተሰጠኝ ርእስ በማይክሮኮንትሮለር የሚመራ የባትሪ መሙያ በገዛ እጅ ስለ መንደፍ ነው። ርእሱ የቤተ ሙከራ እንጂ የታሪክ አይመስልም። ሆኖም አንድ ተማሪ ዛሬ በቺፑ ላይ የሚጭነው ፕሮግራም፣ ከመቶ ስልሳ ዓመት በላይ ሲንከባለል ለመጣ አንድ ጥያቄ የተሰጠ የቅርብ ጊዜ መልስ ነው። ጥያቄው፣ ባትሪው መሙላቱን ማን ይወቅ፣ ማንስ ያቁመው የሚል ነው። ዓመታቱን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እጠቅሳለሁ።

ፈረንሳዊው ጋስቶን ፕላንቴ በ1859 ሁለት የእርሳስ ሉሆችን ጠቅልሎ በተበረዘ ሰልፈሪክ አሲድ ውስጥ በመንከር፣ እየተራገፈ ደጋግሞ ሊሞላ የሚችለውን የእርሳስ ባትሪ ሠራ። ባትሪው ቢኖርም ምቹ መሙያ አልነበረም፤ የሚሞላው ባትሪ ኃይሉን የሚያገኘው ከማይሞሉ ሴሎች ነበር። ካሚል ፎር በ1881 ሉሆቹን በእርሳስ ኦክሳይድ ልጥፍ ሲቀባቸውና ዲናሞ ሲስፋፋ ግን ባትሪ ከሙከራ ጠረጴዛ ወጥቶ ወደ ኤሌክትሪክ ጣቢያና ወደ ኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ ገባ።

በዚያ ዘመን የመሙያው ተቆጣጣሪ ሰው ነበር። ሠራተኛው ሃይድሮሜትሩን በየሴሉ እያስገባ የአሲዱን እፍግታ ይለካል፤ ንባቡ ወደ 1.28 ገደማ ሲደርስ ሴሉ እንደሞላ ያውቃል። ሌላም ምልክት ነበረው፤ የአንድ ሴል ቮልቴጅ 2.4 አካባቢ ሲደርስ ትርፉ ኃይል ውሃውን ወደ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ይለያየዋል፣ ባትሪውም «ይፈላል»። ሃይድሮጅን በአየር ውስጥ አራት በመቶ ሲደርስ ሊቀጣጠል ስለሚችል ይህ አደገኛ ነው፤ ቢሆንም አደጋው በጆሮም በአፍንጫም ቀድሞ ይታወቃል። ሠራተኛው ዘግይቶ ቢደርስ መስኮት ከፍቶ፣ የተጣራ ውሃ ጨምሮ ሥራውን ይቀጥላል። የእርሳስ ባትሪ ታጋሽ ነው፤ ስሕተትን በአረፋ ይናገራል።

ስዊድናዊው ቫልደማር ዩንግነር በ1899 ያስገኘው የኒኬል ካድሚየም ባትሪ ትዕግሥቱን አንድ እርምጃ ወሰደው። በሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ሴሉ ሙሉ በሙሉ ሊታሸግ ቻለ፤ ከሞላ በኋላ በአወንታዊው ወገን የሚፈጠረው ኦክስጅን ወደ አሉታዊው ወገን ተሻግሮ እዚያው ይዋሐዳል። ስለዚህ የሚሞላበት ከረንት የባትሪውን አቅም አንድ ዐሥረኛ ያህል ብቻ ከሆነ፣ ትርፉ ኃይል ለዘብ ያለ ሙቀት ሆኖ ይወጣል። ሌሊቱን ሙሉ ግድግዳ ላይ ተሰክቶ የሚያድረው ርካሽ ቻርጀር፣ ማለትም ትራንስፎርመር፣ ዳዮድና ሬዚስተር ብቻ የያዘው፣ የቆመው በዚህ ኬሚስትሪ ላይ ነው። የሚያቆመው አልነበረም፤ ማቆምም አላስፈለገም። በእኔ እይታ ዛሬ በእጅ በሚሠሩ ቻርጀሮች ላይ የምናየው ቸልተኝነት የዚያ ዘመን ውርስ ነው።

ሰዎች በአንድ ሰዓት የሚሞላ ባትሪ ሲፈልጉ ግን ጥያቄው ተመለሰ። የኒኬል ካድሚየም ሴል በፍጥነት ተሞልቶ ጫፍ ሲደርስ ቮልቴጁ ከ10 እስከ 20 ሚሊቮልት ያህል ዝቅ ይላል። ዝቅታውን ለመለየት ቀድሞ የነበረውን ልኬት ማስታወስና ከአሁኑ ጋር ማወዳደር ያስፈልጋል፤ ሬዚስተር ደግሞ ትዝታ የለውም። ማይክሮኮንትሮለር ለዚህ ሥራ ተስማሚ የሆነው ለካ፣ አስታውሶና አወዳድሮ ስለሚወስን ነው። በ1990ዎቹ በኤሌክትሪክ ተደምስሰው እንደገና የሚጻፉ ቺፖች፣ በ1993 ፒክ 16ሲ84፣ በ1996 ኤቪአር፣ በ2005 ደግሞ ከጣሊያን ኢቭሪያ የወጣው አርዱይኖ ይህን ችሎታ ለተማሪ አቅርበውለታል።

ይሁን እንጂ ተማሪው ቺፑን ባገኘበት ዘመን ባትሪውም ተለውጦ ነበር። ዊቲንግሃም፣ ጉዲናፍና ዮሺኖ በ2019 የኖቤል ሽልማት የተጋሩበት የሊቲየም አዮን ባትሪ በ1991 በሶኒ በኩል ለገበያ ቀረበ። ይህ ባትሪ እንደ ቀደሙት አይታገሥም። የሚሰነጠቅ ውሃ የለውም፤ ተመልሶ የሚዋሐድ ኦክስጅንም የለውም። የተለመደው ሴል ከ4.2 ቮልት አልፎ ሲሞላ ሊቲየም በአሉታዊው ወገን ላይ እንደ ብረት ይለበጣል፣ የአወንታዊው ወገን መዋቅር ይናጋል፤ በመካከል ያለው ፈሳሽ ደግሞ ራሱ ተቀጣጣይ ነው። ስለዚህ ገደቡ የሚሰጠው ከአንድ በመቶ በማይበልጥ ስሕተት ነው። ኬሚስትሪው ይሠራው የነበረው የጥበቃ ሥራ በሙሉ ወደ ሰርኪዩቱ ተዛወረ።

ባለሙያዎች ይህን ሸክም እንዴት እንደሚያከፋፍሉት በአገራችን የሚታወቅ አንድ ታሪክ ያሳያል። በጥር 2013 ቦስተን ላይ በቆመ ቦይንግ 787 ውስጥ የሊቲየም ባትሪ ተቃጠለ፤ ከቀናት በኋላ በጃፓን ሌላ ባትሪ ስለተበላሸ አውሮፕላኖቹ በዓለም ዙሪያ ከበረራ ታገዱ። በመጀመሪያ የተመለሰው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሲሆን፣ በሚያዝያ 27 ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ በረረ። የቦስተኑ ምርመራ ያገኘው በአንድ ሴል ውስጥ የተፈጠረ ሾርት ነው፤ ባትሪው ከተፈቀደው ቮልቴጅ አልፎ እንዳልተሞላ የበረራ መዝገቡ አሳይቷል። መሙያው ነጻ ቢወጣም ማስተካከያው እሱንም ነካ፤ የመሙያው የቮልቴጅ ክልል ጠበበ፣ በሴሎቹ መካከል መለያ ተጨመረ፣ ባትሪው በብረት ሣጥን ተዘጋ፣ ጭሱም ወደ ውጭ እንዲወጣ ተደረገ። አንዱ ጥበቃ ቢወድቅ ሌላው ይቆማል።

አሁን ወደ ተማሪው ጠረጴዛ እንመለስ። ባለ 10 ቢት መለኪያ 5 ቮልትን በ1024 ደረጃ ይከፍላል፤ አንዱ ደረጃ ወደ 4.9 ሚሊቮልት ነው። የ4.2 ቮልት አንድ በመቶ 42 ሚሊቮልት፣ ማለትም ስምንት ደረጃ ያህል ስለሆነ መለኪያው በቂ ይመስላል። ችግሩ ያለው በማነጻጸሪያው ነው። ቺፑ የሚያነጻጽረው ከራሱ የኃይል ምንጭ ጋር ከሆነና ምንጩ በ5 ፈንታ 5.25 ቮልት ቢሰጥ፣ ፕሮግራሙ 4.2 ብሎ የሚያነበው በእውነት 4.41 ቮልት ነው። ኮዱ አንድ ፊደል ሳይሳሳት ሴሉ ለአደጋ ይጋለጣል። የተረጋጋ የማነጻጸሪያ ቮልቴጅ የግድ የሚሆነው ለዚህ ነው።

የሙቀት ገደቡም፣ በተለምዶ ከ0 እስከ 45 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ በቴርሚስተር ሊጠበቅ ይገባል፤ በአዲስ አበባ የታችኛው ብዙ አያሳስብም፣ በአፋር ግን የላይኛው ያሳስባል። የጊዜ ገደብ፣ ፊውዝና ከማይክሮኮንትሮለሩ ነጻ የሆነ የሴል መጠበቂያ ሰርኪዩትም ይታከላሉ።

ብዙውን ጊዜ የሚዘነጋውን ልጨምር። ፕሮግራሙ ሲደነዝዝ በቺፑ ውስጥ ያለው የምት አመንጪ አብሮት አይቆምም፤ በመጨረሻ በታዘዘው መጠን ኃይል መላኩን ይቀጥላል። ስለዚህ ፕሮግራሙ በየጊዜው ካልነካው ቺፑን እንደገና የሚያስነሣው ዋችዶግ መብራት አለበት። ቺፑ ሲነሣ ደግሞ እግሮቹ ለአፍታ ትእዛዝ አልባ ይሆናሉ፤ በዚያች አፍታ ትራንዚስተሩን ወደ ማጥፊያው ወገን የሚጎትት አንድ ሬዚስተር በበሩ ላይ ሊኖር ይገባል። በሰሌዳው ላይ ያለውን ንድፍ የምትመለከቱ ከሆነ፣ በስተቀኝ ያለው የ10 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ይኸው ነው። ጥያቄ ያላችሁ ከዚህ መጀመር ትችላላችሁ።