የባሕር ማዶ ዝምድናና የምስጢር ፈቃድ በአሜሪካ

በአሜሪካ የመንግሥትን ምስጢር የሚነካ ሥራ የሚይዝ ሰው፣ ወታደርም ሆነ የተቋራጭ ድርጅት መሐንዲስ፣ አስቀድሞ የደኅንነት ፈቃድ ማግኘት አለበት፤ ይህም ግለሰቡ ምስጢር ቢሰጠው እንደሚጠብቅ በማጣራት የሚሰጥ ውሳኔ ነው። ፕሬዚዳንት ሃሪ ትሩማን እ.ኤ.አ. በ1947 ባወጡት ትዕዛዝ ቁጥር 9835 የፌዴራል ሠራተኞች ሲመረመሩ መለኪያው ታማኝነት ነበር። የድዋይት አይዘንሃወር የ1953 ትዕዛዝ ቁጥር 10450 ግን ሠራተኛውን አገሩን ወደ መጉዳት ሊገፋው የሚችል ማስገደድ ወይም ጫና መኖሩንም ከሚመዘኑት ጉዳዮች መካከል አስገባ። የውጭ ዝምድና ዛሬ የሚመዘንበት ሐሳብ ሥሩ በዚህች አጭር ድንጋጌ ውስጥ ይገኛል፤ ጥያቄውን ከሰውየው ልብ አውጥታ ሰውየው ወዳለበት ሁኔታ መልሳዋለችና።

ይሁን እንጂ በዚያ ዘመን ጥርጣሬው ከሐሳቡ ይቀድም ነበር። በካሊፎርኒያ ከሮኬት ምርምር ፈር ቀዳጆች አንዱ የነበረው የቻይና ተወላጁ ቺየን ሹዌሰን በ1950 ፈቃዱን ተነጥቆ ለአምስት ዓመታት ከአገር እንዳይወጣ ከተደረገ በኋላ፣ በ1955 ወደ ቻይና ተመልሶ የዚያችን አገር የሚሳይል ሥራ መሠረት ጣለ።

የአውሮፕላን መሐንዲሱ የዊሊያም ግሪን ጉዳይ ደግሞ የአሠራሩን ጉድለት አደባባይ አወጣው። ግሪን ለጦር ኃይሉ ዕቃ በሚያቀርብ ኩባንያ ምክትል ፕሬዚዳንትና ዋና ሥራ አስኪያጅ ሳለ በ1953 ፈቃዱ ተሰረዘ፤ ከቀረቡበት ነጥቦች መካከል የፈታት ሚስቱ የኮሚኒስት አመለካከት እንደነበራት መነገሩና እርሱም ከሶቪየት ኤምባሲ ሰዎች ጋር መገናኘቱ ይገኙበታል። ግሪን ግንኙነቱ የኩባንያውን ምርት ለመሸጥ እንደሆነና አለቃውም እንደሚያውቁት አስረዳ። መንግሥት ግን አንድም ምስክር ሳያቀርብ፣ ተከሳሹ ሊያያቸው ባልቻላቸው ሪፖርቶች ተወሰነበትና በዓመት 18,000 ዶላር ይከፈለው የነበረው ሰው በአንድ የሕንፃ ንድፍ ቢሮ በ4,700 ዶላር ተቀጠረ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1959 የሕገ መንግሥቱን ጥያቄ ሳይወስን፣ ሰው መስካሪውን ሳይጠይቅ ከሙያው የሚወጣበትን አሠራር ፕሬዚዳንቱም ኮንግረሱም በግልጽ እንዳልፈቀዱት በየነ፤ በ1960 የወጣው ትዕዛዝ ቁጥር 10865ም ለተቋራጭ ሠራተኞች የክሱን ምክንያት በጽሑፍ የማግኘትንና፣ ከተወሰኑ ሁኔታዎች በቀር፣ መስካሪን የመጠየቅን ዕድል ሰጠ። ለዚህ መብት የተከፈለው የአንድ ሰው ሙያ መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም።

ከ2017 ጀምሮ የሚሠራበት የፈቃድ አሰጣጥ መመሪያ 13 መመዘኛዎች ሲኖሩት፣ ሁለተኛው የውጭ ተጽዕኖን፣ ሦስተኛው ለሌላ አገር ማድላትን ይመለከታል። በ2000 የመከላከያ ሚኒስቴሩ የውጭ ፓስፖርት ያለው ሰው እንዲያስረክብ ይጠይቅ ነበር፤ በአዲሱ መመሪያ ግን ፓስፖርት መያዝ ብቻውን አያስከለክልም። በአንጻሩ ፈቃድ ያለው ሰው የግል የውጭ ጉዞውን አስቀድሞ እንዲያሳውቅና እንዲያስፈቅድ በዚያው በ2017 ታዝዟል።

ይህ ሁሉ ለትውልደ ኢትዮጵያውያን አሜሪካውያን ሩቅ ጉዳይ አይደለም። አመልካቾች የሚሞሉት ቅጽ 86 ያለፉትን ሰባት ዓመታት የውጭ ጉዞ፣ በውጭ ያለን ንብረትና ለውጭ ዜጋ የሚደረግን የገንዘብ ድጋፍ ስለሚጠይቅ፣ ጎንደር ያሉ እናቱን የሚጦር ልጅ የሚልከው ገንዘብ ከፋይሉ ይገባል። በቤተሰቡ ዘንድ መጦር ግዴታም ክብርም ነው፤ መርማሪው ግን የሚያየው በእናቲቱ በኩል ልጁን ማስጨነቅ ይቻል እንደሆነ ነው፤ ስለዚህም የአገሩን ሁኔታ፣ የዝምድናውን ቅርበትና አመልካቹ በአሜሪካ የተከለውን ሥር አብሮ ይመዝናል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1988 ማንም ሰው ፈቃዱን እንደ መብት ሊጠይቅ እንደማይችል ስለወሰነ፣ ጥርጣሬውን የማስወገዱ ሸክም በአመልካቹ ላይ ነው። ዝምድናውን ሆን ብሎ የደበቀ ሰው ግን የግል ጠባይን በሚመለከተው ሌላ መመዘኛ ይጠየቃል፤ እዚያም የሚመረመረው ዘመዱ ሳይሆን የእርሱ የራሱ ቃል ነው።