የዘውድ አናት ለምን ተዘጋ?

በመካከለኛው ዘመን አብዛኞቹ የአውሮፓ ነገሥታት የሚደፉት ዘውድ አናቱ ክፍት ነበር። ራስን የሚዞር የወርቅ ቀለበት፣ ከላዩ አበባና ቅጠል የመሰለ ጌጥ፤ በቃ።

በአናቱ ላይ የወርቅ ቅስት የሚሻገርበት ዝግ ዘውድ ግን የንጉሠ ነገሥት ምልክት ተደርጎ ይታይ ነበር። ዛሬ ቪየና የሚገኘው የቅድስት ሮማ ንጉሠ ነገሥት ዘውድ ከግንባር ወደ ኋላ የሚያልፍ አንድ ቅስት አለው።

ይህ ልዩነት ለነገሥታቱ አልተዋጠላቸውም። ንጉሥ በገዛ ግዛቱ ንጉሠ ነገሥት ነው፣ ከበላዩ ሌላ ምድራዊ ገዥ የለም የሚለው አስተሳሰብ ሲስፋፋ ዘውዱም አብሮ ተዘጋ።

የስኮትላንድ ፓርላማ እ.ኤ.አ. በ1469 ለጄምስ 3ኛ በግዛቱ ውስጥ ይህንኑ ሥልጣን አወጀለት። በኋላም ንጉሡ ዝግ ዘውድ ደፍቶ በብር ሳንቲሙ ላይ ታየ። በእንግሊዝ ዝግ ዘውድ ቀድሞም ነበር። በሄንሪ 8ኛ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1533፣ ግን ዘውዱ የሚለውን ሕግ ደገመው፦ አገሪቱ “ኢምፓየር” ተባለች፤ ወደ ሮም ይግባኝ ማለትም ተከለከለ።

ክፍቱ ዘውድ የት ሄደ? ለመኳንንቱ ቀረ። እ.ኤ.አ. በ1953 ኤልሳቤጥ 2ኛ ስትነግሥ የእንግሊዝ መኳንንት ቅስት የሌለው ዘውዳቸውን የደፉት ንግሥቲቱ ከደፋች በኋላ ነው።

እንግዲህ የድሮ ሳንቲም ወይም ሥዕል ስታዩ የወርቁን ብዛት ትታችሁ አናቱን ተመልከቱ። ዘውዱ “ከበላዬ ማን አለ?” ለሚለው ጥያቄ መልስ ነበርና።