ከአጥር ማዶ ማንበብ፦ ሁለቱ የድሬዳዋ ነጋድራሶችና የንባብ ዓመት

ዓመቱን በንባብ መከፋፈል ለኢትዮጵያ ሕዝብ እንግዳ ነገር አይደለም። በቤተ ክርስቲያን ስንክሳር የሚባለው መጽሐፍ መስከረም 1 ቀን ተጀምሮ በጳጉሜን መጨረሻ ይፈጸማል። ለእያንዳንዱ ዕለት የተመደበ ንባብ ስላለው አንባቢው ዓመቱን ሙሉ አንድም ቀን ሳይዘል ከመጽሐፉ ጋር ይጓዛል። በእስልምናም በኩል ቅዱስ ቁርኣን በ30 ጁዝ ስለሚከፈል በረመዳን ወር በየዕለቱ አንድ ጁዝ እየቀራ ወሩን በኸትም የሚዘጋ ምእመን ብዙ ነው። ቁርኣንን በእጅ መገልበጥና በቆዳ መደጎስ ከጥንት ጀምሮ ያደገባት ሐረር ለዚህ ልማድ ሕያው ምስክር ናት። በመሆኑም ለንባብ ጊዜ መመደብ፣ ራስንም ለዚያ ማስገዛት የቆየ የአገር ሥርዓት ነው።

ይሁን እንጂ ሁለቱም ሥርዓቶች የየራሳቸው አጥር አላቸው። የስንክሳሩ አንባቢ ቁርኣን ወደሚቀራበት አይሻገርም፤ የቁርኣኑም ቃሪ ስንክሳር ወደሚነበብበት አይመጣም። የሁለቱም ዓላማ በያዙት መጽናት ነውና በዚህ ሊወቀሱ አይገባም። የሌላውን መጽሐፍ፣ የሌላውን ቋንቋ፣ ከዚያም አልፎ የተቃዋሚን ሐሳብ ሆን ብሎ ማንበብ ግን ከዚህ የተለየ ትግል ነው። ይህን ትግል በኢትዮጵያ ታሪክ ውስጥ ለሚፈልግ ሰው ድሬዳዋ ብዙ የምትናገረው አላት።

የባቡር ልጅ

ድሬዳዋን የወለዳት የምድር ባቡር ነው። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ ወደ ሐረር ተራራ መውጣት አስቸጋሪና ውድ ሆኖ ስለተገኘ ከተራራው ግርጌ በሜዳው ላይ እንዲያልፍ ተወሰነ። 311 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞም በ1895 ዓ.ም. ደቻቱ አሸዋ ዳር ደረሰ። መጀመሪያ አዲስ ሐረር ተብላ የነበረችው ጣቢያ ብዙም ሳይቆይ በድሬዳዋነቷ ጸናች። በገንዘብ እጦትና በኃያላን መንግሥታት ሽኩቻ ምክንያት ሥራው ስለ ተጓተተ ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነበር። በእነዚያ ዓመታት የአገሪቱ የገቢና የወጪ ንግድ ዋና በር ድሬዳዋ ሆነች። ከባሕር የመጣው ዕቃ ከፉርጎ ወርዶ በግመልና በበቅሎ ይጫናል፤ ከደጋ የወረደው ቡናና ቆዳም ከግመል ጀርባ ወደ ፉርጎ ይወጣል።

ዕቃው ብቻውን አልመጣም፤ ቋንቋውንም ይዞ መጣ። የምድር ባቡሩ ኩባንያ ሥራውን የሚያካሂደው በፈረንሳይኛ ነበር። በመጋላ ገበያ ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛ፣ ሐረሪኛ፣ ዐረብኛና አማርኛ ጎን ለጎን ይሰማሉ። ግሪኩ፣ አርመኑና ሕንዱ ደግሞ የሒሳብ መዝገባቸውን በየፊደላቸው ይጽፋሉ። በሐረር የካፑሲን ሚሲዮናውያን በ1905 እ.ኤ.አ. የጀመሩት የፈረንሳይኛ ጋዜጣ ነበር፤ ማተሚያቸውም ኋላ ወደ ድሬዳዋ ወረደ። በዚህች ከተማ ከአንድ በላይ ቋንቋ ማወቅ የዕለት እንጀራ እንጂ ጌጥ አልነበረም። የገበያ ቋንቋ ግን የመጽሐፍ ቋንቋ አይደለም። በአምስት ቋንቋ የሚገበያይ ሰው በአንዱም ሳያነብ ሊኖር ይችላል።

የድሬዳዋን የጉምሩክና የንግድ ሹመት በነጋድራስነት ከያዙት መካከል ግን ሁለቱ በገበያው ቋንቋ ብቻ የተወሰኑ አልነበሩም። አንደኛው ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ፣ ሁለተኛው ነጋድራስ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ናቸው። ሁለቱም በልጅነታቸው ወይም በወጣትነታቸው ባሕር ተሻግረው በባዕድ ቋንቋ ያነበቡ፣ ያነበቡትንም ወደ አማርኛ የመለሱ ሰዎች ነበሩ።

ሁለት መንገድ፣ አንድ ወንበር

አፈወርቅ በ1860 ዓ.ም. በጣና ዳር በዘጌ ተወለዱ። በሥዕል ተሰጥኦአቸው ምክንያት ዐፄ ምኒልክ ወደ ኢጣሊያ ላኳቸውና በቱሪን የሥነ ጥበብ አካዳሚ ተማሩ። ከጊዜ በኋላም በናፖሊ የምሥራቃውያን ቋንቋዎች ተቋም አማርኛ አስተማሩ። በ1900 ዓ.ም. በሮማ ያሳተሙት «ልብ ወለድ ታሪክ» በአማርኛ የመጀመሪያው ልብ ወለድ ነው። ርእሱም የዘርፉ ሁሉ መጠሪያ ሆኖ ቀረ፤ መጽሐፉ ራሱ ኋላ «ጦቢያ» ተብሎ ታወቀ። የአማርኛ ሰዋስው በጣሊያንኛ፣ የመንገደኛ መምሪያ በአማርኛና በፈረንሳይኛ አዘጋጁ። በ1901 ዓ.ም. ደግሞ የዳግማዊ ምኒልክን ታሪክ አሳተሙ።

ገብረ ሕይወት በ1878 ዓ.ም. በዐድዋ አውራጃ ተወለዱ። አባታቸው በ1881 ዓ.ም. በመተማ ጦርነት ወደቁ። ሕፃኑ ገብረ ሕይወት ከምጽዋ በመርከብ ወደ አውሮፓ ተሻግረው በአንድ ኦስትሪያዊ ቤተሰብ እጅ አደጉ፤ ጀርመንኛ ተማሩ፤ በበርሊንም የሕክምና ትምህርት ተከታተሉ። ወደ አገራቸው ተመልሰው በቤተ መንግሥት ካገለገሉ በኋላ በፖለቲካው ነፋስ ምክንያት ወደ ሱዳንና ወደ ኤርትራ ተሰደዱ። «አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ» የተባለው ጽሑፋቸው በ1912 እ.ኤ.አ. በአስመራ ታተመ። ኋላም የምድር ባቡሩ ተቆጣጣሪ፣ ቀጥሎም የድሬዳዋ ነጋድራስ ሆኑ። በዚሁ ሹመት ላይ ሳሉ በ1911 ዓ.ም. በወጣትነታቸው አረፉ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በ1910ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ፣ አፈወርቅ በዚያው ወንበር ተቀመጡ።

በእነዚህ ሁለት ሰዎች መካከል ያለው ግንኙነት ግን የወንበር ብቻ አይደለም። ገብረ ሕይወት የድሬዳዋን ሹመት ከመያዛቸው አስቀድሞ አፈወርቅን አንብበዋቸው ነበር፤ አንብበውም ነቅፈዋቸዋል። «አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ» የሚነሣው የአፈወርቅን የምኒልክ ታሪክ በመተቸት ነው። የትችቱ ፍሬ ነገር ባጭሩ ሲነገር፣ ንጉሥን ማወደስ ታሪክ መጻፍ አይደለም፤ ታሪክ ጸሐፊ ያየውን የሚያስተውልና ለማንም የማያዳላ መሆን አለበት የሚል ነው። ገብረ ሕይወት የተቃወሙትን መጽሐፍ ወደ ጎን አልጣሉትም። አንብበው፣ መዝነው፣ የራሳቸውን ሐሳብ በእርሱ ላይ ስለው ወደ ቀጣዩ ጥያቄ ተሻገሩ። የግብሩ ሥርዓት፣ የገንዘቡ አንድነት፣ የኬላው ቀረጥ፣ የትምህርቱ መስፋፋት፣ የሕጉ ጽሕፈት፣ የሃይማኖት ነፃነት በዚያ ትንሽ ጽሑፍ ተራ በተራ ተነሡ። በአማርኛ የታተመው መጽሐፍ በጣት የሚቆጠር በነበረበት በዚያ ዘመን አንድ ጸሐፊ ሌላውን በአደባባይ አንብቦ መመለሱ ራሱ ትልቅ እርምጃ ነበር።

ንባቡ የት ደረሰ?

የገብረ ሕይወት ንባብ ፍሬ ይበልጥ ጎልቶ የሚታየው ከሞቱ በኋላ በወጣው መጽሐፋቸው ነው። «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» ከወዳጃቸው ከአቶ ጳውሎስ መናመኖ እጅ ወጥቶ በ1916 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ታተመ። መጽሐፉ የሀብት ምንጭ ሥራ መሆኑን፣ ሥራን ፍሬያማ የሚያደርገው ደግሞ ዕውቀት መሆኑን ያስረዳል። ዕውቀት ያለው ሕዝብና ዕውቀት የሌለው ሕዝብ ሲገበያዩ፣ ያልተማረው የብዙ ቀን ድካሙን ሰጥቶ የተማረውን የጥቂት ቀን ሥራ ይወስዳል። ንግዱ በፈቃድ የሚደረግ ቢመስልም ውሎ አድሮ ያልተማረውን የተማረው ጥገኛ ያደርገዋል።

ይህን ሐሳብ ከድሬዳዋ ጣቢያ ለይቶ ማየት አይቻልም። አንድ ሰው በጀርመንኛ ያነበበውን የኢኮኖሚ ዕውቀት ይዞ በጉምሩክ ደጃፍ ቢቆም የሚያየው ምንድን ነው? በአንደኛው ፉርጎ ጥሬ ቆዳና ቡና ይወጣል፤ በሌላው ፉርጎ የተፈተለና የተሸመነ ጨርቅ፣ የተሠራ ብረት ይገባል። በመጽሐፍ የተነበበው ሐሳብ በየዕለቱ በዓይን ይታያል፤ በዓይን የታየውም በመጽሐፍ ይብራራል። የኢኮኖሚ ሊቃውንት ከብዙ ዐሥርት ዓመታት በኋላ ስለ ተዛባ የዓለም ንግድ የተከራከሩበትን ጉዳይ እኚህ ሰው ቀድመው በአማርኛ አንሥተውታል። መጽሐፉ በ1995 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ በለንደን በታተመ ጊዜም የባሕር ማዶ አንባቢዎች ይህንኑ አይተዋል።

በሌላ በኩል የአፈወርቅ ታሪክ ለንባብ አፍቃሪ ሁሉ መራራ ትምህርት ነው። ጣሊያንኛውንም ፈረንሳይኛውንም አጥልቀው ያውቁ ነበር፤ የአማርኛ ብዕራቸውም ከዘመናቸው ሰዎች ሁሉ የሚበልጥ እንጂ የሚያንስ አልነበረም። ሆኖም በዐድዋ ዘመን ወደ ኢጣሊያ ወገን ተጠግተው ነበር። ፋሺስት ኢጣሊያ በ1928 ዓ.ም. አገሪቱን በወረረ ጊዜም ለወራሪው አድረው «አፈ ቄሣር» ተባሉ። ከነፃነት በኋላ ወደ ጅማ ተግዘው የዓይናቸው ብርሃን ጠፍቶ በ1947 እ.ኤ.አ. ሞቱ። በእርግጥ የ«ጦቢያ» ደራሲ ለአማርኛ ሥነ ጽሑፍ የሰጡት አገልግሎት በዚህ አይሰረዝም፤ አገልግሎታቸውም ክሕደታቸውን አይሰርዝም።

እንግዲህ ሰፋ አድርጎ ማንበብ ብቻውን ሰውን ሰው አያደርገውም ማለት ነው። ሁለቱም ነጋድራሶች ከአጥር ማዶ አንብበዋል። አንደኛው ከማዶ ያገኘውን ይዞ ተመልሶ የራሱን ቤት ጉድለት መረመረበት። ሌላኛው ማዶውን አደነቀና በማዶው ቀረ። ልዩነቱ የተነበበው መጽሐፍ ብዛት አይደለም፤ አንባቢው በሚያነብበት ጊዜ የያዘው ጥያቄ ነው። ያነበብሁት ለማን ይጠቅማል የሚለውን ጥያቄ የጣለ አንባቢ የቱንም ያህል ቋንቋ ቢያውቅ መንገዱ የት እንደሚያደርሰው አያውቅም።

ከጥቂቶች ወደ ብዙኃን

የሁለቱ ነጋድራሶች ዘመን ንባብ የጥቂቶች ዕድል ነበር። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1904 ዓ.ም. በአገሩ የሚገኙትን የግእዝና የአማርኛ መጻሕፍት ዝርዝር ባዘጋጁ ጊዜ፣ በአማርኛ የታተመውን ሁሉ አንድ ትጉህ አንባቢ በአንድ ዓመት ጨርሶ ሊያነብበው ይችል ነበር። ይህ ሁኔታ በሰፊው የተለወጠው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በአምስት ቋንቋዎች ተነሥቶ ወደ 15 ቋንቋዎች ደረሰ፤ ሁሉም በግእዝ ፊደል ይጻፉ ነበር። በኦሮምኛና በሶማሊኛ የተዘጋጁ መማሪያዎች ከአማርኛው ጎን ተሰለፉ። ዘመቻው በ1980 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ በኩል የሚሰጠውን ዓለም አቀፍ የመሠረተ ትምህርት ሽልማት አገኘ። በዘመኑ የነበረው አገዛዝ ብዙ የሚወቀስበት ነገር ቢኖርም፣ ቀን ደክመው ውለው ማታ በኩራዝ ብርሃን ፊደል የቆጠሩት እናቶችና አባቶች ድካም ከታሪክ አይፋቅም።

ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ ሁኔታው ደግሞ ሌላ መልክ ያዘ። ኦሮምኛና ሶማሊኛ በላቲን ፊደል መጻፍ ጀመሩ። በድሬዳዋ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማሊኛ ይሰጣል። ልጁ በእናቱ ቋንቋ መማሩ ለነጋድራሶቹ ትውልድ ሕልም የነበረ መብት ነው። ነገር ግን መብቱ አዲስ ግዴታም ወልዷል። በአንድ ሰፈር ውኃ የሚቀዱ፣ በአንድ ሜዳ ኳስ የሚጫወቱ ሦስት ልጆች ሦስት የተለያዩ መጻሕፍት ይዘው ወደ ቤት ይገባሉ። በቃል ይግባባሉ፤ አንዱ የሌላውን መጽሐፍ ገልጦ ማንበብ ግን ላይችል ይችላል። ከዚራንና መጋላን የሚለየው ደቻቱ ድልድይ አለው፤ በመጽሐፍና በመጽሐፍ መካከል ያለው አሸዋ ግን ገና ድልድይ ይፈልጋል።

ዓመቱን ለሰፊ ንባብ መስጠት የሚባለው ነገር በዚህች ከተማ ከትርፍ ጊዜ ማሳለፊያነት የሚያልፈው ስለዚህ ነው። ሥርዓቱ ከስንክሳሩና ከቁርኣኑ ሊወሰድ ይችላል፤ ይኸውም ጊዜን መመደብ፣ ያለ ማቋረጥ መጓዝ፣ የጀመሩትን መጨረስ ነው። ይዘቱ ግን ከአጥር ማዶ ይምጣ። ከመስከረም እስከ ነሐሴ ባሉት 12 ወራት ውስጥ አንዱ ወር ለጎረቤት ቋንቋ ፊደል፣ አንዱ ለዚያው ቋንቋ ተረትና ግጥም፣ አንዱ ለሌላው እምነት ታሪክ፣ አንዱ ለሐረር ቅርስ፣ አንዱ ለባቡሩ ታሪክ፣ አንዱ ከሩቅ አህጉር ለተተረጎመ ልብ ወለድ ቢመደብ፣ አንባቢው በዓመቱ መጨረሻ ያው ሰው ሆኖ አይገኝም። ጳጉሜን ደግሞ ትንሽ ብትሆንም ለከባዱ ሥራ ትበቃለች፤ አጥብቀው የሚቃወሙትን አንድ ጽሑፍ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ለማንበብ። ገብረ ሕይወት አፈወርቅን ያነበቡት እንዲሁ ነበርና።

የድሬዳዋ አሮጌ ጣቢያ ዛሬ የጥንቱን ጫጫታ አያሰማም። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር በ2009 ዓ.ም. ሲመረቅ በሌላ ሐዲድ፣ በሌላ ጣቢያ ነው የመጣው። ዕቃው ግን አሁንም ይገባል፣ ይወጣል። ገብረ ሕይወት በጉምሩኩ ደጃፍ ያነሡት ጥያቄም፣ ማለት የምንሰጠው ድካማችን ስንት፣ የምንቀበለውስ የስንት ሰው ዕውቀት ነው የሚለው፣ ከፉርጎው ጋር አልፎ አልሄደም። መልሱን የሚሻ ትውልድ አስቀድሞ ማንበብ፣ ያውም ከራሱ አጥር ወጥቶ ማንበብ ይኖርበታል።