ቁንዝላ፡- ጥልቀት በሌለው ጣና መርከብን ወደብ ማስያዝ

ጣና ከ3 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሸፍን፣ በስፋቱ ከኢትዮጵያ ሐይቆች ቀዳሚው ነው። ስፋቱ ግን ጥልቀቱን አያመለክትም፤ እጅግ ጥልቅ በሆነው ሥፍራ እንኳ 15 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። በመሆኑም መርከበኛን ከሐይቁ መሐል ይልቅ የሚያሳስበው ዳርቻው ነው።

በሐይቁ ምዕራባዊ ዳርቻ በሰሜን አቸፈር ወረዳ የምትገኘው ቁንዝላ ለዚህ ማሳያ ናት። ከተማዋ መቀመጫው ፍኖተ ሰላም በሆነው የምዕራብ ጎጃም ዞን ሥር ለረዥም ዓመታት ስትተዳደር የቆየች ሲሆን፣ ከባሕር ዳር ወደ ጎርጎራ ይደረግ በነበረው ሳምንታዊ የመርከብ ጉዞ የመንገደኞች ማደሪያ ሆና አገልግላለች።

ሐይቁ በማለዳ ፀጥ ብሎ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ስለሚነሳበት ጉዞው በጠዋት መጀመሩ የልማድ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ወደ ዳርቻ የሚቀርብ መርከብ ፍጥነቱን ቀንሶ፣ ጥልቀቱን እየለካና በተቻለ መጠን ፊቱን ወደ ነፋሱ አዙሮ መጠጋት ይኖርበታል። መልህቅ የሚይዘው በክብደቱ ብቻ ስላልሆነ የሚለቀቀው ገመድ ከውኃው ጥልቀት በብዙ እጥፍ ሊረዝም ይገባል፤ ገመዱ ካጠረ መልህቁን ወደ ላይ እየሳበ ከጭቃው ይነቅለዋል። የደንገል ታንኳ ይህ ሁሉ አያስፈልጋትም፤ ባለቤቷ ወደ ደረቅ መሬት ጎትቶ ፀሐይ ላይ ያሰጣታል።

የውኃው ከፍታ በመስከረምና በጥቅምት ከፍ ብሎ እስከ ሰኔ ድረስ ይቀንሳል። ለመርከቦች እንቅስቃሴ ከባሕር ጠለል በላይ 1 ሺህ 785 ሜትር ዝቅተኛው ወሰን እንደሆነ ይታወቃል። በ1995 ዓ.ም ክረምት መግቢያ ውኃው ከዚህ ወሰን በታች በመውረዱ የመርከብ አገልግሎት ለአራት ወራት ያህል ተቋርጧል። ለዚህም ምክንያቱ ድርቁ ብቻ አልነበረም። በ1988 ዓ.ም የተጠናቀቀው የጨረጨራ ግድብ የሐይቁን መውጫ በመቆጣጠሩ፣ በሌሎች ማመንጫዎች የታየውን የኃይል እጥረት ለማካካስ ወደ ጢስ ዓባይ የሚለቀቀው ውኃ እንዲጨምር ተደርጎ ነበር። በዳርቻው የነበረው ደንገል በሰፊው የጠፋ ሲሆን ውኃው የሸሸበት መሬትም ታርሷል።

ከ2002 ዓ.ም ወዲህ ደግሞ 460 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው የጣና በለስ ጣቢያ የሚጠቀምበት ውኃ ከዚሁ ከቁንዝላ አቅራቢያ በዋሻ ይወሰዳል። ስለዚህ የኃይል ማመንጫው የውኃ አለቃቀቅ ዕቅድና የመርከቦች የጉዞ ሰሌዳ በአንድ የከፍታ መለኪያ ላይ የተመሠረቱ ናቸው፤ ሁለቱ ተለያይተው ሲዘጋጁ ጉዳቱ አስቀድሞ የሚታየው እንደ ቁንዝላ ባሉ አነስተኛ ወደቦች ነው። በ2017 ዓ.ም ከጅቡቲ በየብስ ወደ ባሕር ዳር የተጓጓዘችው ጣናነሽ ሁለትም የምትቀዝፈው በዚሁ ውኃ ላይ ነው።