የእጅ እንቅስቃሴና ኮምፒዩተር፤ ከቤተ ሙከራ እስከ ጠረፍ ትምህርት ቤት

ሰው ፈቃዱን ለኮምፒዩተር የሚገልጸው ቁልፍ በመጫን ብቻ እንዳይሆን ለማድረግ የተጀመረው ጥረት ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ አስቆጥሯል። አሜሪካዊው ማይረን ክሩገር እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ ለሰው አካል እንቅስቃሴ መልስ የሚሰጡ የሙከራ ክፍሎችን አዘጋጀ። እ.ኤ.አ. በ1980 ሪቻርድ ቦልት በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም፣ ተጠቃሚው በእጁ እያመለከተና በቃሉ እያዘዘ በሰፊ ስክሪን ላይ ያሉትን ቅርጾች የሚያንቀሳቅስበትን ዘዴ አቀረበ። እ.ኤ.አ. በ2010 ደግሞ ኪኔክት የተባለው የማይክሮሶፍት መሣሪያ ይህንኑ ጥበብ በጨዋታ መልክ ወደ መኖሪያ ቤቶች አስገባው።

በኢትዮጵያ ግን ጉዳዩ ከጨዋታ ይልቅ ለትምህርት የቀረበ ነው። መስማት የተሳናቸው ተማሪዎች በሚገለገሉበት የጣት ፊደል፣ መሠረታዊው ፊደል በእጅ ቅርጽ ሲታወቅ፣ ከግእዝ እስከ ሳብዕ ያሉት ድምፆች የሚለዩት በእጅ እንቅስቃሴ ነው። ከዚህም የተነሣ ቋሚ ሥዕል ብቻ የሚመለከት ኮምፒዩተር የ«ብ»ንና የ«ት»ን ቅርጽ በሚገባ ቢያውቅም፣ የተባለው «ቤት» ይሁን «ቦታ» ሊለይ አይችልም። እንቅስቃሴው የፊደሉ ጌጥ ሳይሆን አናባቢው ራሱ ነውና።

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2008 የኢትዮጵያን የምልክት ቋንቋ በዲግሪ ደረጃ ማስተማር ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ2010 ዮናስ ፋንታሁንና ኩሙድሃ ራይመንድ የእጅን ምልክት በሰው ሠራሽ የነርቭ መረብ አማካይነት ስለ መለየት ያደረጉትን ጥናት ለዓለም አቀፍ ጉባኤ አቀረቡ። ከዚያ ወዲህም ሌሎች ተመራማሪዎች ሥራውን ቀጥለዋል።

ይሁንና ሥራው ወደ ጠረፍ ሲዘልቅ ሌላ ጥያቄ ይነሣል። ከሱዳን ጋር በሚዋሰነው በኩርሙክ ከሚነገሩት ቋንቋዎች አንዱ የሆነው በርታ ለትምህርት የሚጻፈው በላቲን ፊደል ሲሆን፣ የጣት ፊደሉ የተመሠረተው በግእዝ ፊደል ላይ ነው። እንግዲህ በዚያ የሚወለድ መስማት የተሳነው ልጅ እጁ የሚጽፈውና እኩዮቹ በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው መጽሐፍ የሚያነቡት ፊደል አይገናኙም። ለአማርኛ ብቻ የተሠራ መሣሪያ ይህንን ክፍተት አይሞላም። ስለሆነም መሣሪያው ከመሠራቱ አስቀድሞ የልጁን እጅ የሚያነብ መምህር ማሠልጠን ይገባል፤ መምህሩ ያላወቀውን ምልክት ለኮምፒዩተሩ የሚያስተምር አይገኝምና።